ያገለገለ ጣውላ ለቤት ግድግዳ፦ ከምርጫ እስከ ገጠማ

በድሬዳዋ አሮጌ ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ ገዢ የሚያገኘው ቆርቆሮው ነው፤ ቀጥሎ በሩና መስኮቱ ይነሣሉ፤ የኮርኒሱ፣ የወለሉና የመደርደሪያው ጣውላ ግን ብዙ ጊዜ ከፍርስራሹ ጋር ተከምሮ ይሰነብትና በመጨረሻ ለማገዶ ይሄዳል። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከተማዋ ዘንድ ከደረሰ ወዲህ በከዚራም ሆነ በመጋላ የተሠሩት ቤቶች ዕድሜያቸው እየገፋ፣ በቦታቸውም ፎቅ እየተተካ ሲሄድ ይህ ጣውላ በየሰፈሩ ይጣላል። ከውስጡ ከደጋ የወረደ ጥድና ዝግባ ይገኝበታል፤ ለብዙ ዓመታት ደርቆ ያበቃ በመሆኑም ትናንት ከተሰነጠቀ አዲስ ጣውላ ይልቅ ቅርጹን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ እንጨት ከምድጃ ሥር ሲገባ ማየት ያሳዝነኛል።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ያገለገለ ጣውላ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ሊገጥሙ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ሥራው የተለየ የአናጺነት ትምህርት አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። አንድ ግድግዳ ለመግጠም ሁለት ቀን ይበቃል፤ ጣውላውንና ግድግዳውን ለማዘጋጀት ግን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት መመደብ ያስፈልጋል። ካየኋቸው የተበላሹ ሥራዎች መካከል በመጋዝ ወይም በመዶሻ ስሕተት የተበላሸ አላስታውስም፤ ሁሉም የተበላሹት የመጀመሪያው ሚስማር ከመመታቱ በፊት ነው። ስለዚህ የመመሪያው ሰፊ ክፍል ስለ ዝግጅቱ ቢሆን አንባቢ አይገረም።

የትኛው ግድግዳ፣ እስከ የት ድረስ

አራቱንም የክፍሉን ግድግዳ በጣውላ መሸፈን አይመከርም። እንጨት ብርሃን ይውጣል፤ የድሬዳዋ ቤት ደግሞ ፀሐይን ለመከላከል መስኮቱ ጠበብ ብሎ ወይም መጋረጃው ወርዶ የሚውል ስለሆነ ክፍሉ ይጨልማል። አንድ ግድግዳ ይምረጡ፤ ከበሩ ሲገቡ ፊት ለፊት የሚታየው ወይም ከአልጋው ራስጌ ያለው ለዚህ ይስማማል።

ሌላው፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ግማሽ ግድግዳ መግጠም ነው። መጅሊስ ወይም ፍራሽ ተዘርግቶ በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ጀርባ የሚደገፈው ግድግዳ ላይ ነው፤ ኖራ ከሆነ ልብስ ያነጣል፣ ቀለም ከሆነ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ በትከሻና በራስ ልክ ይጠቁራል። ከወለል ጀምሮ እስከ 1.20 ሜትር ከፍታ የተገጠመ ጣውላ ይህን ችግር ሙሉ በሙሉ ያስወግዳል፤ የሚፈልገው እንጨትም ከሙሉው ግድግዳ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ትራስ የማይደርስበት ቦታ ላይ ሰው በቀጥታ ስለሚደገፍ ግን ጣውላው በጥንቃቄ መለስለስ ይኖርበታል።

ከማብሰያ ምድጃ ኋላ ጣውላ አይግጠሙ። ቡና የሚፈላበት፣ ከሰል የሚቀጣጠልበትና ኡንሲ የተባለው ዕጣን የሚጨስበት ጥግ ከጣውላው ቢያንስ በአንድ ሜትር መራቅ አለበት፤ የደረቀ አሮጌ እንጨት እሳት ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳም ቢቀር ይሻላል፤ እንጨቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀለሙ ይለወጣል።

በግንብ በታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ በጁገል ውስጥ ለሚኖሩ አንባብያን ለብቻ የምናገረው አለኝ። ነባሩ የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ግድግዳው ራሱ ጌጥ ነው፤ በውስጡ የተከፈቱት መደርደሪያ ጉድጓዶች፣ በላዩ የሚሰቀሉት ሰፌዶችና ሳሕኖች፣ ከሥሩ ያሉት የነደባ መቀመጫዎች አንድ ላይ የታሰቡ ናቸው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሠፈረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም በተመዘገበ ቅርስ ላይ ለውጥ ለማድረግ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) አያሳርፉ፤ ይህ መመሪያ ከግንቡ ውጭ ላሉት አዳዲስ የብሎኬትና የድንጋይ ቤቶች ነው። እንደዚሁም የተቀረጸ አሮጌ የሐረር በር ለጣውላነት ይሸጥልዎ ዘንድ ቢቀርብልዎ አይግዙ። በር ሆኖ የተቀረጸ እንጨት በርነቱ ሊጠበቅለት ይገባል፤ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የሚጠፋው አይመለስም።

ግድግዳውን መመርመር

መጀመሪያ የሚታየው እርጥበት ነው። ቀለሙ የተላጠ፣ ልስኑ ሲነካ የሚረግፍ ወይም ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት የሚወጣበት ግድግዳ ከመሬት ውሃ እየሳበ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከወለል እስከ አንድ ሜትር ባለው ክፍል ላይ ይታያል። በዐይን የማይለይ ከሆነ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ለሁለት ቀን ይተዉት። ላስቲኩ በውስጥ በኩል ካላበ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ በክፍሉ በኩል ብቻ ካላበ ደግሞ የክፍሉ አየር ነው። ከግድግዳው የሚመጣ እርጥበት ሳይወገድ ጣውላ መግጠም ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይደለም፤ እንጨቱ ከጀርባው ይሻግታል፣ ሽታውም በክፍሉ ይቀራል። በደቻቱ ወንዝ አካባቢ ያሉና በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰው ጎርፍ የገባባቸው አሮጌ ቤቶች ለዚህ ፍተሻ የተለየ ትኩረት ይሻሉ።

ቀጥሎ ምስጥ ይፈለጋል። በግድግዳውና በወለሉ መገናኛ፣ በበሩ መቃን ሥርና በኮርኒሱ ጠርዝ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መሥመር ካዩ ምስጡ መንገድ ሠርቷል ማለት ነው። መሥመሩን ጠርገው ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በሳምንት ውስጥ መልሶ ይሠራዋል። የመግቢያ ስንጥቁ በሲሚንቶ ይደፈን፣ ከውጭ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ የተከመረ እንጨት፣ ካርቶንና አፈር ይነሣ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ይጠበቅ። አዲስ መሥመር ካልታየ ወደ ሥራው መቀጠል ይቻላል።

በመጨረሻ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይለዩ፤ የሚያስፈልገው ማሰሪያ የሚወሰነው በዚህ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት በመሆኑ አጭር ፊሸር፣ ማለትም ቪቴ (ብሎን) የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ፣ ባዶው ውስጥ ይወድቃል፤ ረዘም ያለ ፊሸር ያስፈልጋል፣ በተቻለ መጠንም ቀዳዳው የብሎኬቱ ድፍን ክፍል ላይ ቢያርፍ ይመረጣል። የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ የሚቀደደው ድንጋዩ ነው እንጂ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ወይም ኖራ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ላይ የገባ ፊሸር ዛሬ ቢይዝ ነገ ይለቃል። የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ጭቃው ክብደት ስለማይሸከም በውስጡ ያሉትን ቋሚ እንጨቶች በመታ መታ በማድረግ አግኝቶ እነርሱ ላይ ማሰር የግድ ነው።

ጣውላ መምረጥና መግዛት

ጥሩው ጊዜ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ነው። አፍራሹን ሠራተኛ ወይም ኃላፊውን ቀድመው ካነጋገሩት ጣውላው በጥንቃቄ እየተነቀለ ይወርዳል፤ ከፈረሰ በኋላ ከሄዱ የሚያገኙት የተሰነጠቀውን ነው። ሁለተኛው ምንጭ ፓሌት ነው። ከጅቡቲ የሚገባው ዕቃ በፓሌት ተጭኖ ስለሚመጣ በመጋዘኖች አካባቢ በቀላሉ ይገኛል።

ፓሌት ሲገዙ ጎኑ ላይ የታተመውን ማኅተም ያንብቡ። በሁለት የላቲን ፊደላት ኤች ቲ የሚል ካለበት እንጨቱ በሙቀት የታከመ ነው፤ ይኸውም ውስጡ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ለ30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። ኤም ቢ የሚል ካለበት ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ወደ መኖሪያ ቤት አያስገቡት። ማኅተም የሌለው፣ የፈሰሰበት ነገር ያጠቆረው ወይም የኬሚካል ሽታ ያለው ፓሌትም ይቅር። ዘይት የጠጣ የሐዲድ እንጨት ቢያገኙ በመልኩ አይታለሉ፤ የተነከረበት ክሪዮሶት ለጤና ጎጂ ስለሆነ በቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

የእንጨቱን ዓይነት መለየት ብዙውን ነገር ያቀላል። ጥድ በምላጭ ትንሽ ሲፋቅ ከውስጡ ቀላ ያለ ቀለምና ደስ የሚል ጥሩ ሽታ ይወጣዋል፤ ቀዩ የልብ እንጨቱ ምስጥን የሚቋቋም ስለሆነ ለዝቅተኛው ረድፍ እርሱን ያስቀምጡ። ዝግባ ፈዛዛ ቢጫ፣ አንድ ወጥና ለመላግ የቀለለ ነው፤ ምስጥን ግን አይቋቋምም። ዋንዛ ቡናማና ቀላል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ የቤት ዕቃ ይገኛል። ባሕር ዛፍ ከባድ ነው፤ መጠማዘዝና መሰንጠቅም ይወዳል፤ ቀጥ ብሎ የደረቀ አሮጌ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

እያንዳንዱን ጣውላ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ቢላው ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተበልቷል። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ቢኖሩበት ጣውላውን ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት፤ አዲስ፣ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከወረደ ነቀዙ አሁንም በሕይወት አለ፤ ካልወረደ ግን ቀዳዳው ያለፈ ታሪክ ነው፣ ለመልኩም ያምራል።

ስለ መጠን እንነጋገር። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.80 ሜትር የሆነ ግድግዳ 11.2 ካሬ ሜትር ነው። ለአዲስ ጣውላ አሥር በመቶ ትርፍ ይበቃል፤ ላገለገለ ጣውላ ግን የተሰነጠቀው ጫፍና የተበላው ክፍል ስለሚጣል ሃያ አምስት በመቶ መጨመር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 14 ካሬ ሜትር ይገዛል። ጣውላው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1.20 ሜትር ርዝመት ካለው አንዱ 0.12 ካሬ ሜትር ስለሚሆን 117 ያህል ጣውላ ማለት ነው። ስለ ክብደቱም ማሰብ ተገቢ ነው፦ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥድ ወይም ዝግባ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሙሉው ግድግዳ ከ110 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማል ማለት ነው። ጣውላን በኮላ ብቻ በቀለሙ ላይ መለጠፍን የማልደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ኮላው ቢይዝ እንኳ ቀለሙ ከልስኑ ይላቀቃል።

ሚስማር ማውጣት፣ ማጽዳትና ነፍሳትን መግደል

ሚስማሩን ከጀርባ በመዶሻ መታ አድርገው ራሱ ብቅ ሲል በጉጠት ይሳቡት፤ ከጉጠቱ ሥር ቀጭን እንጨት ካደረጉበት የጣውላው ፊት አይጎዳም። በዛገ ጊዜ የሚበጠስ ሚስማር አለ፤ እርሱን በቀጭን ብረት ወደ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ጣውላው ወደ መጋዝ ወይም ወደ ማሽን ከመሄዱ በፊት ማግኔት በላዩ ያሳልፉበት፤ አንድ የተረሳ ሚስማር የመላጊያ ቢላ ያበላሻል፣ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል።

አቧራውንና ጭቃውን በብረት ብሩሽ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ይጥረጉ። በውሃ መዘፍዘፍ አያስፈልግም፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። አሮጌ ቀለም ያለበት ጣውላ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። የቆየ የዘይት ቀለም ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ሕፃናትን ክፉኛ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ አይሞርዱ፣ በእሳትም አያቃጥሉ፤ እያራሱ በመፋቂያ ያንሡት፣ ማስክ ያድርጉ፣ ፍርፋሪውን በላስቲክ ሰብስበው ያስወግዱ። ቀለሙን ማንሣት የማይፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሳይነካ በቫርኒሽ ከመሸፈን ይልቅ ጣውላውን ገልብጠው ባዶውን ፊት ይጠቀሙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ብዙ ሰው ጣውላን ከምስጥና ከነቀዝ ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ለአጥር እንጨት የተለመደ ነው፤ ለመኝታ ክፍልና ለሳሎን ግን ፍጹም አይሆንም። ሽታው አይወጣም፣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ለካንሰር የሚያጋልጡ ናቸው፣ እንጨቱንም ለእሳት ያቀርበዋል፤ ከዚያም በላይ ቫርኒሽ በላዩ አይይዝም። ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ እንደ ማላታይን ያለውን በቤት ውስጥ ጣውላ ላይ መርጨትም እንደዚሁ አደገኛ ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ ሌላ ከተማ የማያገኘው መሣሪያ አላት፤ እርሱም ፀሐይዋ ነው። በግንቦትና በሰኔ፣ ሙቀቱ በበረታበት ወቅት፣ ጣውላዎቹን በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ በሲሚንቶ ወለል ወይም በቆርቆሮ ላይ ይደርድሩ፤ በጥቁር ላስቲክ ጥብቅ አድርገው ይሸፍኑና ጠርዙን በድንጋይ ይጫኑት። በመካከል ካለው ወፍራም ጣውላ አንዱን በትራፓኖ ቀድደው የቴርሞሜትር ጫፍ ያስገቡበት። ግቡ ውስጡ 56 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ነው፤ ለአንድ ሳምንት እንደተሸፈነ ቢያቆዩት፣ በየሁለት ቀኑም ላስቲኩን ገልጠው የላዩን ወደ ሥር እያዘዋወሩ መልሰው ቢሸፍኑት ሙቀቱ ሁሉንም ያዳርሳል። ቴርሞሜትሩ ወደዚያ ካልደረሰ ወይም ሥራው በሐረር ብርድ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ቦሪክ አሲድ ወይም ቦራክስ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ባልተቀባው እንጨት ላይ ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ በጓንት ይሥሩ፣ ከልጆችም ያርቁት። ይህ ውህድ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ የሚቆይ ስለሆነ ለወደፊትም ይከላከላል፤ ለዝቅተኛዎቹ ሦስት ረድፎች ከፀሐዩ ሕክምና በተጨማሪ እርሱን መጠቀም ጥሩ ነው።

እንጨቱን ከክፍሉ ጋር ማላመድ

ይህ ክፍል አጭር ቢሆንም ሊታለፍ አይገባውም። የመጀመሪያውን ግድግዳዬን የሠራሁት በነሐሴ ወር ከሐረር ባመጣሁት ጣውላ ነበር። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃትና ደረቅ ናት። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ መንገድ ቢሆንም ለእንጨት ሌላ አገር ነው። ጣውላው እንደደረሰ፣ አንዱን ከአንዱ አጥብቄ ገጠምሁት፤ ሥራው ሲያልቅ ወረቀት አያስገባም ነበር። ጥር ሲገባ ግን በየረድፉ መካከል ጣት የሚያስገባ ባይሆንም ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ፤ ሦስት ጣውላዎችም በሚስማሮቻቸው መካከል ተሰነጠቁ። መንቀልና እንደገና መጀመር ግድ ሆነብኝ።

እንጨት እርጥበት ሲያጣ በስፋቱ ይሸሻል፤ በርዝመቱ የሚያጣው ግን እዚህ ግባ አይባልም። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል፤ ይህ በ28 ረድፍ ሲባዛ ብዙ ነው። ስለዚህ ጣውላውን በሚገጠምበት ክፍል ውስጥ፣ ከወለል ከፍ አድርገው፣ አየር እንዲያልፍበት በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። ከሐረር ወይም ከሌላ ደጋ የመጣ ከሆነ ሦስት ሳምንት ይሁን። ወቅቱን መምረጥ ከቻሉ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከጥቅምት ወዲህ ይግጠሙ።

ሞራሌ ማሰር

ሞራሌ ግድግዳው ላይ ታስሮ ጣውላው የሚመታበት ዘንግ እንጨት ነው። ጣውላው አግድም የሚሄድ ከሆነ ሞራሌው ቁም ይታሰራል፤ ጣውላው ቁም ከሆነ ደግሞ ሞራሌው አግድም። ለአራት ሜትር ግድግዳ በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት አሥር ሞራሌ ያስፈልጋል፤ በድምሩ 28 ሜትር ያህል ነው። ሞራሌው አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥ ያለና የደረቀ መሆኑ ግን የግድ ነው፤ ጣውላው ከታከመበት መድኃኒትም እርሱንም ይቀቡት።

በመጀመሪያ ሁለቱን የዳር ሞራሌዎች በቱንቢ አስተካክለው ይሰሩ፤ በመካከላቸው ከላይና ከታች ሲባጎ ይወጥሩና ሌሎቹን በሲባጎው ልክ ያስይዙ። አሮጌ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅም፤ ግድግዳው በገባበት ቦታ ከሞራሌው ጀርባ ቀጭን የእንጨት ቁራጭ እየሰገሰጉ ማስተካከል ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ሞራሌ 8 ሳንቲ ሜትር ቪቴ ይበቃል፤ ብሎኬት ላይ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቪቴ ያስገቡ። ከመቅደድዎ በፊት የኤሌክትሪክ መሥመር የት እንደሚያልፍ ያረጋግጡ፤ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጥንት ቤቶች ግን በሰያፍ የተሳበም አይቻለሁ፤ ስለዚህ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተው በባትሪ በሚሠራ ትራፓኖ መቅደድ የተሻለ ነው።

ሞራሌው ከወለሉ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ከኮርኒሱ ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ብሎ ይቁም። ይህ ክፍተት አየር ከሥር ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ያደርጋል። በእኛ ቤት ወለል በባልዲ ውሃ እየተደፋበት ስለሚታጠብም የጣውላው እግር ውሃ እንዳይነካ ያስፈልጋል። የሥሩን ክፍተት በዞኮሎ (በግድግዳ እግር ጠርዝ) ድፍን አድርገው አይዝጉት።

መግጠም

ጣውላዎቹን ሁሉ ከግድግዳው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ዘርግተው ይመልከቱ። ጥቁሩና ነጣ ያለው፣ ቋጠሮ የበዛበትና ጥርት ያለው በአንድ ቦታ እንዳይከማች ያደባልቁ። ውፍረታቸው ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ የሚለያዩትን በፒያላ (በመላጊያ) ያስተካክሉ ወይም ቀጭኑን ከጀርባው በእንጨት ቁራጭ ያሳድጉ። ለዚህ ሥራ ግማሽ ቀን ቢያጠፉ አይጸጸቱም፤ የግድግዳው መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው። ፎቶ አንሥተው ከርቀት ማየትም ይረዳል።

የመጀመሪያው ረድፍ በውሃ ልክ ይስተካከል እንጂ በወለሉ አይለካ፤ ወለሉ ያዘመመ ከሆነ ስሕተቱ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ይከተላል። ከሥሩ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጊዜያዊ ቁራጮች አድርገው ጣውላውን ያሳርፉ፣ ይምቱት፣ ቁራጮቹን ሥራው ሲያልቅ ያውጡ።

የደረቀ ጥድ ሚስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል። ከሚስማሩ ትንሽ በቀጠነ የትራፓኖ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ቀድመው ያውጡ፤ በተለይ ከጫፉ አምስት ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍል ይህን ፈጽሞ አይዝለሉ። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ 5 ሳንቲ ሜትር ሚስማር ይበቃል። ጣውላው ጠባብ ከሆነ በየሞራሌው አንድ ሚስማር ከሥረኛው ጠርዝ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመታል፤ ሰፊ ከሆነ ሁለት፣ ሆኖም በጣም ሳይራራቁ። ሁለቱ ሚስማሮች በሁለቱ ጠርዝ ላይ ከተመቱ ጣውላው ሲሸሽ የሚሄድበት አጥቶ መካከሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ በእኔ ላይ የደረሰው ይህ ነበር።

በረድፎቹ መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ለመለኪያ ቀጭን ቆርቆሮ ቁራጭ መጠቀም ይቻላል። ክፍተቱ ነጭ ግድግዳ እንዳያሳይ ከመግጠም በፊት ከሞራሌዎቹ መካከል ያለውን ግድግዳ ጥቁር ቡናማ ቀለም መቀባት ጥሩ ዘዴ ነው። የሁለት ጣውላዎች ጫፍ የሚገናኘው ሁልጊዜ የሞራሌው እኩሌታ ላይ ይሁን፤ የአንዱ ረድፍ መገናኛ ከሚቀጥለው ረድፍ መገናኛ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በሁለቱ የግድግዳ ዳሮች ግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍት ይቅር፤ በኋላ በቀጭን ሊስትሎ (የጠርዝ እንጨት) ይሸፈናል። በየአራት ረድፉ ውሃ ልኩን ደግመው ያሳርፉ።

ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ በጣውላው ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም። ሳጥኑ ከጣውላው ፊት እኩል እስኪሆን ወደ ፊት መውጣት አለበት፤ ሽቦው ባዶ እንጨት እንዳይነካም ሙሉ በሙሉ በሳጥኑ ውስጥ ይሁን። ይህን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢሠራው ይሻላል።

የመጨረሻው ረድፍ ከኮርኒሱ በታች ስለሚጠብ በርዝመቱ መሰንጠቅ ይኖርበታል። እርሱን በሚስማር ሳይሆን በቪቴ ይሰሩት፤ ከላይ መፈታት የሚችል አንድ ረድፍ ቢኖር ወደፊት ጀርባውን ለማየት ግድግዳውን ማፍረስ አያስፈልግም። ለግማሽ ግድግዳ ደግሞ በላዩ 6 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጠፍጣፋ ጣውላ እንደ ክዳን ቢገጠምለት ሲኒና መጽሐፍ ይይዛል።

መለስለስና መቀባት

በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ120 ቁጥር ይጨረሳል፤ ሰው የሚደገፍበት ክፍል በ180 ቁጥር ይደገም፣ ከዚያም በአሮጌ የናይሎን ካልሲ ይታበስ፤ ካልሲው ከያዘ ስንጥር ቀርቷል። የመጋዙንና የሚስማሩን አሻራ ሁሉ ማጥፋት ግን አያስፈልግም። ያ አሻራ ባይፈለግ አዲስ ጣውላ ይገዛ ነበር።

በውሃ የሚበጠበጥ ደብዛዛ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ መቀባት ለሳሎን ይበቃል፤ በሁለቱ መካከል በ220 ቁጥር ወረቀት ቀለል አድርገው ይሞርዱት። ከመግጠም በፊት የጣውላው ጀርባም አንድ ጊዜ ቢቀባ አይጎብጥም። በድሬዳዋ ሥራው ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፤ በቀትር የተቀባ ቫርኒሽ ሳይዘረጋ ይደርቅና የብሩሽ መሥመር ይይዛል። የተልባ ዘይት የሚመርጡ ከሆነ የቀቡበትን ጨርቅ አጣጥፈው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ሥራው ካለቀ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሚያዝያ መጨረሻና በመስከረም፣ ማለትም ከበልጉና ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ በእጅ ባትሪ የሥሩን ክፍተት ይመልከቱ። ከወለሉ ወደ ሞራሌው የሚወጣ የአፈር መሥመር ወይም ከጣውላው ሥር የተጠራቀመ ዱቄት ካለ የላዩን ረድፍ ቪቴዎች ፈትተው ጀርባውን ያብሩ፤ የተጎዳው ጣውላ ካለም ሚስማሩን በጉጠት አውጥተው ከተረፉት ጣውላዎች በአንዱ ይተኩት። ለዚህ ሲባል አምስት ወይም ስድስት ጣውላ፣ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ታክሞና ተቀብቶ፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ኋላ ይቀመጥ።